የሙሽራዋ አባት ስም

ቶሮንቶ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለሻምበል ዘርይሁን፣

እንዴት ከረሙ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ያደርግዎታል? የሆለታ ውርጭስ ጀመረ? እኔና ባለቤቴ ፌበን፣ ልጃችን ሩሀማም ጭምር፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ከእርስዎ ናፍቆትና ከሰፈራችን ከዌስተን ነፋስ በቀር የሚያስቸግረን የለም።

በስልክ ሳነጋግርዎ እኔ «ደህና ነዎት ወይ» ስል እርስዎ «አዎ፣ በልቻለሁ» እያሉኝ አልተግባባንም። እህቴ ተሻለች እንደመከረችን መጻፉ ይሻላል። እኔ የጻፍኩትን በቴሌግራም እልክላታለሁ፣ እሷ አሳትማ ታመጣልዎታለች። የእርስዎንም ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። የመስሚያዎን ባትሪ በሰው ሰድጃለሁና መድረሱን ይጻፉልኝ።

አሁን ወደ ደስታው ልግባ። ሩሀማ ልታገባ ነው። ልጁ ሊዮ ይባላል፤ ነርስ ነው፤ እጁ ሥራ አይፈራም፤ ቤታችን ሲመጣ ሳይለምኑት ዕቃ ያጥባል። ወላጆቹ አፍሪካውያን ናቸው፣ ከወደ ደቡብ። አባትየው ሚስተር ንኩቤ «በኛም አገር ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው» ብሎ በጣም ደስ አለው። ጥር ላይ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። በኛ በኩል የዕድራችንን ሰብሳቢ ጋሽ ደረጄን አስቀምጣለሁ።

እርስዎ መምጣት እንደማይችሉ ሐኪሙ ስለተናገረ፣ ምርቃትዎን በወረቀት ይላኩልኝና በዚያ ቀን ይነበብ። እንደው አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በምርቃቱ ውስጥ የኔን ስም ባይጠሩ ጥሩ ነው። «ልጄ» ቢሉኝ ይበቃል። እዚህ አገር ነገር ማሳጠር ይወደዳል።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።
ልጅዎ ሙጌ


ሆለታ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙጋቤ ዘርይሁን። ስምህን አሟልቼ የጻፍኩት ጠፍቶብህ እንደሆነ ላስታውስህ ብዬ ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባትሪው ደርሷል፤ ልኩ ግን አይደለም፤ ከመስሚያው ውስጥ እየተንሸራተተ ይወድቃል። ትክክለኛውን ላክ።

የሩሀማን ዜና ተሻለች ጆሮዬ ላይ ጮኻ ስትነግረኝ እግሬን ረስቼ ተነሳሁ። እሰየው። ወልዳ ከብዳ ያሳየን። ልጁም ዕቃ የሚያጥብ ከሆነ የተባረከ ነው፤ እኔ ለናትህ አንድ ቀን እንኳ አላጠብኩላትም፣ እሷም አንድ ቀን እንኳ ሳታነሳብኝ አልቀረችም።

ስምህን በተመለከተ ግን ነገርህ አልገባኝም። አንተ የተወለድከው ሚያዝያ 1972 ነው። እኔ ያኔ ጦር ሰፈራችን ውስጥ ከዚምባብዌ የመጡ ተዋጊዎችን አሰለጥን ነበር። የሃያ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ብርዳችን አንዘፈዘፋቸው፤ ካልሲ ደርበው ነው የሚሰለፉት። ሬዲዮው «ዚምባብዌ ነፃ ወጣች፣ ሮበርት ሙጋቤም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ» ሲል እነዚያ ልጆች ተሸክመውኝ ሜዳውን አዞሩኝ። ቤቴ ስገባ አንተ ተወልደህ ጠበቅኸኝ። እናትህ «ሰላሙ ይባል» አለች። እኔ ሙጋቤ አልኩህ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ያንተን ሬዲዮ አወጣው። በሕይወቴ ከዚያ ቀን የበለጠ ቀን አላየሁም።

ደግሞስ «ከወደ ደቡብ» ምን ማለት ነው? አገራቸው ስም የለውም?

ምርቃቱን ለብቻው ጽፌ ልኬልሃለሁ። ስምህ አለበት። እንዳለ ይነበብ።

አባትህ ሻምበል ዘርይሁን


ቶሮንቶ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

ሳልጽፍ ስለቆየሁ ይቅር ይበሉኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ በአካል ደህና ነን። በልብ ግን ደህና አይደለንም፤ ከዚህ በላይም ልደብቅዎ አልችልም።

የሊዮ ወላጆች የዚምባብዌ ሰዎች ናቸው። ማታቤሌላንድ ከሚባለው አውራጃ። ሙጋቤ ሥልጣን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ በኛ በ75 መሆኑ ነው፣ ወታደር ልኮ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያስጨረሰበት አገር ነው። ይህን ያወቅሁት ሊዮ ሲነግረኝ ነው። እኔ እዚህ ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ ስጠግን ፈረንጆቹ ስሜን አሳጥረው «ሞ» ነው የሚሉኝ። ሚስተር ንኩቤም ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያውቀኝ ሞ ብሎ ነው። ሞሐመድ ይመስለው እንደሆነም እንጃ፤ የአሳማ ሥጋ አቅርቦልኝ አያውቅም።

የሩሀማ ደግሞ ይብሳል። በኛ ወግ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው፤ ስለዚህ በመታወቂያዋ ላይ ሩሀማ ሙጋቤ ናት። ትምህርት ቤት «ዘመድሽ ነው ወይ» እያሏት ነው ያደገችው። ሊዮ ያውቃል፤ ለአባቱ ግን ደፍሮ አልነገረም። ሁላችንም ነገ ዛሬ ስንል የሽማግሌው ቀን ደረሰ።

ጋሽ ደረጄን ደረጃው ላይ ያዝ አድርጌ «አደራ፣ ሞ ብለው ይጥሩኝ» አልኩት። እሺ አለኝ። ሚስተር ንኩቤና ሁለት ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ ተቀመጡ፤ ልጅቷን ጠየቁ። ሁሉም ጥሩ ነበር። ከዚያ ጋሽ ደረጄ ተነስቶ የእርስዎን ምርቃት በእንግሊዝኛ እየመለሰ ማንበብ ጀመረ። «የልጄ የሙጋቤ ዘርይሁን ቤት ይባረክ» የሚለው ጋ ሲደርስ እንዳለ አነበበው። ኋላ ስጠይቀው «የአባት ምርቃት ኤዲት አይደረግም፣ ልጄ» ነው ያለኝ።

ሚስተር ንኩቤ «ማን አልክ?» አለ። ጋሽ ደረጄ ያልተሰማው መስሎት ጮክ ብሎ ደገመለት።

አባባ፣ ሰውዬው ተነሳ፣ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ማሰር ጀመረ። የክረምት ቦት ጫማ ነው፤ ክሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ይዞራል። እሱ እስኪያስር ሁላችንም ቆመን አየነው። ሩሀማ መኝታ ቤት ሆና «ዳድ፣ ምን ሆነ?» ትላለች። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ሠርጉ ለግንቦት ነበር። ሩሀማ «ኢትስ ኦኬ» ትለኛለች፤ ስትለኝ ግን ዓይኗን ታዞራለች። ስሜን በፍርድ ቤት ለመቀየር አስቤያለሁ። ቅር እንዳይልዎ ብዬ ነው አስቀድሜ የነገርኩዎት።

ልጅዎ


ሆለታ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

ጤና ይስጥህ። ስለ ጤናዬ አትጠይቀኝ፤ ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ ደህና አልተኛሁም።

የገረመኝ ሰውዬው መውጣቱ አይደለም። አንተ ያወጣሁልህን ስም ሁለት ዓመት እንደ ሰረቅኸው ዕቃ መደበቅህ ነው። እኔ ስም አወጣሁ እንጂ ሰው አልገደልኩም። ያ ሰው አሥር ዓመት ታስሮ፣ ታግሎ፣ ነጭን ከወንበር ያወረደ ነው። የድሃ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቷል። በኋላ ወንበሩን አልለቅም አለ፤ እሱን አላውቅም አልልም። አፍሪካ ውስጥ ወንበር ሳይገፉት የለቀቀ ስንት ነው? ደርግ ወድቆ የኛው ሊቀመንበር እዚያው ሐራሬ ሄዶ የተጠለለ ጊዜ ሰፈርተኛው «ሻምበል፣ ለካ ስም አወጣጥህ ትንቢት ነበር» እያለ ሲቀልድብኝ ከርሟል። ያን ሁሉ ችዬ ነው ፎቶውን ከእንግዳ ክፍሌ ግድግዳ ያላወረድኩት።

የ75ቱን ነገር ሰምቼ አላውቅም። የጠላት ወሬ ይሆናል። በጦርነት ማግሥት ብዙ ይወራል።

ስምህን ልትቀይር ከሆነ ምን እላለሁ፣ ዕድሜህ አርባ አምስት ሊሞላ ነው። ግን እወቅ፦ አንድ ሰው ልጁን ሰይሞ አርባ አምስት ዓመት ከኖረ በኋላ «ተሳስተሃል» ሲባል ቀላል አይደለም። ከፍቶኛል።

ሩሀማን ሳምልኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም።

አባትህ


ቶሮንቶ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እግዚአብሔር ልብዎን ያሳርፍልኝ። ከፍቶኛል ያሉትን አንብቤ እኔም ከፍቶኝ ነበር፤ ስለዚህ ቶሎ አልመለስኩም። አሁን ግን መጻፍ ያለብኝ ነገር ተፈጠረ።

ባለፈው እሑድ በረዶ እየጠረግሁ ሚስተር ንኩቤ መኪናውን ሕንፃችን ፊት ለፊት አቁሞ አየሁት። አልወረደም። በሩን ከፈተልኝና ገብቼ ጎኑ ተቀመጥኩ። ሂተሩ ይነፍሳል። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«የአባትህን ምርቃት፣ ጋሽ ደረጄ በእንግሊዝኛ የመለሰውን፣ ሊዮ ሙሉውን አነበበልኝ። የስምህን ነገር፣ የሬዲዮውንም ቀን ጽፎበታል። ጥሩ ምርቃት ነው። ያን ቀን ሬዲዮ ሰምቶ የጨፈረው አባትህ ብቻ አይደለም። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ የመንደር መምህር ነው፤ ተማሪውን ሁሉ ሜዳ አስወጥቶ ሲያዘምረን ዋለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቀይ ቆብ ያደረጉ ወታደሮች መጡና እዚያው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ገደሉት። የላካቸው ያው የዘመርንለት ሰው ነው።»

 ስሜን እቀይራለሁ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «አንተ አላወጣኸውም፤ ምን አገባህ?» አለኝ። ቀጥሎ «አባትህ ግን የዚያን ሰው ፎቶ ቤቱ ሰቅሏል?» ሲል ጠየቀኝ። መዋሸት ደክሞኛል አባባ። አዎ አልኩት።

«ያውርደው አልልም» አለ፤ «ሽማግሌ በቤቱ ያሻውን ይሰቅላል። የአባቴን ፎቶ ግን እልክለታለሁ። ጎኑ ይስቀለው። አብረው ይዋሉ። እሺ ካለ እኔ ሠርጉ ላይ እገኛለሁ። እምቢ ካለ ልጆቹ ይጋቡ፣ አልከለክልም፤ እኔ ግን እዚያ አዳራሽ አልገባም።»

የመምህሩን ፎቶ ለተሻለች ልኬያለሁ። ሊዮ «አባቴ ከሌለ ሠርጉ ይቅር» እያለ ነው፤ ሩሀማም ከሱ ጋር ናት። ከምርቃቱ በቀር አንድ ነገር ያድርጉልኝ ብዬ አላውቅም፤ አሁንም አላዝዝዎትም። የጠየቁትን ባትሪ ልኩን ገዝቼ ሰድጃለሁ።

ልጅዎ ሙጌ


ሆለታ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙጋቤ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ። መልሱ የዘገየው ሳላውቅ መስቀል ስላልፈለግሁ ነው።

መጀመሪያ ፎቶውን አየሁት። ቀጭን ሰው ነው፤ ኮቱ ሰፍቶታል፤ ለፎቶው ብሎ ተውሶት ይሆናል። ተሻለችን «ስለ ማታቤሌላንድ የተጻፈውን ሁሉ ፈልገሽ አንብቢልኝ» አልኳት። አዲሱ ባትሪ ገና አልደረሰም ነበርና ጆሮዬ ላይ መጮህ ግድ ሆነባት። የመንደሩን ስም፣ የሟቾቹን ስም፣ እንዴት እንደሞቱ፣ ሁሉንም እየጮኸች አነበበችልኝ። ጎረቤታችን ምሥራቅ ድምፁን ሰምታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ማን ሞተባችሁ?» እያለች ገባች። ምን ብለን እንመልስላት? ተቀመጪ አልናት። እሷም ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማች። አለቀሰችም።

ያሰለጠንኳቸው ልጆች፣ እነዚያ ካልሲ የደረቡት፣ እዚያ ነበሩበት ይሆን ብዬ አሰብኩ። አላውቅም። ማወቂያም የለኝም። ይህ ከሁሉ ይልቅ ያምመኛል።

የጠላት ወሬ ያልኩትን አንስቻለሁ።

ፎቶውን ተሻለች ከተማ ወስዳ አሳድጋ አሠራችው፤ እኔው ራሴ ወንበር ላይ ወጥቼ ሰቀልኩት፤ ተሻለች ወንበሩን ይዛ ስትሰድበኝ ነበር። ያኛውን አላወረድኩትም። ያ የሬዲዮ ቀን እውነት ነበር፤ ልክደው አልችልም። መምህሩም እውነት ነው። አሁን ሰው ሲመጣብኝ መጀመሪያ የሚያውቀውን ያያል። ቀጥሎ «ይሄኛውስ ማነው?» ይላል። ዘመዴ ነው፣ የሩሀማ ባል አያት ነው እላለሁ። «ምን ገደለው?» ይለኛል። ያኔ እጄን ወደ ጎኑ ፎቶ ዘርግቼ አሳያለሁ። በቀደም የዕድራችን ዳኛ መጥቶ፣ አሳይቼው፣ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ይህንን ለሚስተር ንኩቤ እንዲህ ብለህ ንገርልኝ፦ አባትህ ቤቴ ገብቷል። ማንም አያወርደውም። እኔም ስሞት ተሻለች አደራ አለባት።

ስምህን በተመለከተ፣ መቀየር ከፈለግህ ቀይር። ከእንግዲህ አልቀየምም። እናትህ ያኔ ሰላሙ ያለችው ጥሩ ስም ነበር።

አባትህ ዘርይሁን


ቶሮንቶ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንኳን ደስ ያለዎት። የልጅ ልጅዎን ዳርን። ምርቃትዎ ደርሶልናል።

የእርስዎን ደብዳቤ ለሚስተር ንኩቤ በእንግሊዝኛ ሳነብለት «ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ» የሚለው ጋ አስቆመኝና ደግመህ አንብብልኝ አለ። ደግሜ አነበብኩለት። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ጠረገው። ሲነሳ «ሠርጉ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። እኔም ያን ቀን ብሉር መንገድ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቼ ብቻዬን በየዓይነቱ በላሁ፤ ከጥር ወዲህ ምግብ የጣመኝ ያኔ ነው።

ይሁን እንጂ ፍርሃቴ አላለቀም ነበር። ኖርዝ ዮርክ ያለው አዳራሽ ስንገባ ሚስተር ንኩቤ ታላቅ እህቱን አስተዋወቀኝ። ከእንግሊዝ አገር ነው የመጣችው፤ ጠና ያለች፣ በከዘራ የምትሄድ ሴት ናት። አባታቸው ሲገደል በር ላይ ሆና ያየችው እሷ ናት። ሚስተር ንኩቤ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ስምህን እስካሁን አልነገርኳትም» አለኝ። የለበስኩት ሱፍ ጠበበኝ።

ራት ተበልቶ ንግግር ሆነ። ጋሽ ደረጄ ማይኩን ይዞ ተነሳ። ከጥር ወዲህ ሰውዬው ፈሪ ሆኗል። «አሁን የሙሽራዋን አባት አቶ... አቶ ሞን እጠራለሁ» አለ፤ ላቡን እየጠረገ። ገና ሳልነሳ ሚስተር ንኩቤ ሄዶ ማይኩን ከእጁ ተቀበለው።

«የዚህ ሰው ስም ሞ አይደለም» አለ። «ሙሉ ስሙ ሙጋቤ ዘርይሁን ነው። ምራቴም ሩሀማ ሙጋቤ ናት።»

አባባ፣ በሱ ወገን ካሉት ጠረጴዛዎች ሹካ የሚያስቀምጡ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። እህትየው ከዘራዋን በሁለት እጇ ይዛ ወንድሟን ታየዋለች። ሩሀማ የሊዮን እጅ ጨብጣለች።

እሱ ግን አልቸኮለም። «አውቃለሁ፤ እኔም ስሰማው ጫማዬን አድርጌ ወጥቻለሁ» አለ። «ያኛው ሙጋቤ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሲገዛን ትወዱታላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። ይሄኛውን ግን አይቼ፣ አውጥቼ አውርጄ፣ እኔ ራሴ መረጥኩት። በሕይወቴ በነፃነት የመረጥኩት ሙጋቤ ይሄ ብቻ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ሊዮ ነው። ከዚያ አንድ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ የኛም ሰዎች ነገሩ ሲተረጎምላቸው። ጋሽ ደረጄ ወንበር ይዞ ሳቀ። እኔ ተነስቼ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፍቶብኝ «አመሰግናለሁ» ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ መሰለኝ፤ ፌበን አለቀስክ ትላለች።

እህትየው ግን አልሳቀችም። የሁሉም ሳቅ ሲበርድ፣ ዘፈኑም ሲጀመር፣ ከዘራዋን ተደግፋ ወደኔ ስትመጣ አየኋት። ተነስቼ ቆምኩ። ምን ብትለኝ እንደሚገባኝ አሰብኩና ሁሉም ይገባኛል አልኩ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ስሜን ጠራችው፤ ቀስ ብላ፣ ከአፏ ሲወጣ እንዳይሰበር የምትጠነቀቅ ይመስል።

«ሙጋቤ» አለችኝ፤ «ከዘራዬን ያዝልኝ፣ ልጨፍር ነው።»

ያዝኩላት።

ልጅዎ ሙጋቤ ዘርይሁን